የበልግ ሰማይ ቀብድ አይቀበልም

ሐሙስ ማታ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። ዓርብ ጠዋት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሚኒባስ ኮንትራት ተይዟል፤ ቀብድ ተከፍሏል፤ ስድስት ጓደኛሞች ቅዳሜን ተራራ ላይ ሊያሳልፉ ተቀጣጥረዋል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ግን ያ ሁሉ ኮከብ የት እንደገባ ሳይታወቅ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድባቸዋል። ጂንሱ በስብሶ እግር ላይ ተጣብቋል፤ አለቱ ሳሙና የተቀባ መስሏል፤ ሹፌሩ ደግሞ ከታች እየደወለ «መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ውረዱ እንጂ!» ይላል። አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዱ ይስቃል፤ ሌላው «ይህን ሁሉ ብር ከፍለንማ ጫፍ ሳንደርስ አንመለስም!» ብሎ ይገግማል።

የማን ታሪክ ነው ብላችሁ አትጠይቁን። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ተራራና አለት ለመውጣት በሚያስብ ወጣት ሁሉ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ወሩ ደግሞ ልብ ያማልላል። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል አለ፤ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አለ፤ ፋሲካም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። በዓሉ ዓርብ ወይም ሰኞ ላይ ከዋለማ በቃ፣ የሦስት ቀን እረፍት ተገኘ ማለት ነው! ታዲያ ምን ይሻላል? በልግ ነው ብለን ቤት እንቀመጥ? ኧረ የለም! ሂዱ። ግን እንዴት እንደምትሄዱ ከመሄዳችሁ በፊት እንነጋገር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ?

ይህ የፈረንጅ ጨዋታ አይደለም

አለት መውጣት ሲባል «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ እኮ የአምባ አገር ልጆች ነን! ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባው 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በገመድ እየተሳቡ ነው (ለወንዶች ብቻ መፈቀዱ እንዳለ ሆኖ)። አቡነ አረጋዊ ከ1,400 ዓመት በፊት በዘንዶ ተስበው ወጡበት የሚባለውም ይኸው ገደል ነው። ገርዓልታ የሚገኘው አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዛሬም ድረስ ጫማቸውን አውልቀው፣ በአለቱ ላይ በተፈለፈሉ የእጅና የእግር መያዣዎች እየቧጠጡ ይወጣሉ። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም።

ሴቶችስ? እንዴታ! አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት በ2007 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሴት ባለሙያዎች ጋር መጥታ የትግራይን ቀያይ የአለት ማማዎች በገመድ ወጥታለች፤ በሚቀጥለው ዓመትም «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የተባለ መጽሐፍ አሳትማለች። እህቶቻችን ሆይ፣ «ይህ የወንድ ነው» የሚላችሁን አትስሙት።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ እንለያይ። ሁለት ዓይነት መውጣት አለ። አንደኛው በእግርና በእጅ እየታገዙ ተራራ መውጣት ነው። ጤነኛ የሆነና እግሩ ለመንገድ የለመደ ሁሉ ይችለዋል። ሁለተኛው በገመድ፣ በወገብ መታጠቂያና በሄልሜት ቀጥ ያለ አለት መውጣት ነው። ይህኛው የሠለጠነ ሰው አብሯችሁ ከሌለ አይሞከርም። ገመድ ገዝቶ መምጣትና ገመድ ማወቅ ለየቅል ናቸው!

የበልግ ሰማይ ሰዓት አለው

በልግ ተለዋዋጭ ነው እንጂ እብድ አይደለም። የራሱ ጠባይ አለው። እርጥበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከዚያ ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ተራራውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ስለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የሚወርደው። የጠዋቱን ጥራት አይቶ «ዛሬማ አይዘንብም» ያለ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ያቺ የምታቃጥል የጠዋት ፀሐይ እኮ ናት የከሰዓቱን ዝናብ የምትደግሰው!

ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል። በበልግ ተራራ የጠዋት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፤ 1 ሰዓት ላይ ተራራው ሥር ሁኑ፤ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ጫፍ ድረሱ። 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ወደ ታች መልሱ። «ጫፉ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው» ቢባልም መልሱ! ያ ሃያ ደቂቃ ደርሶ መልስ አርባ ነው፤ ፎቶ ሲጨመርበት አንድ ሰዓት ይሆናል።

መንገድ ላይ ሳላችሁም ሰማዩን ማንበብ ትችላላችሁ። ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ የተበጣጠሰ ጥጥ የሚመስል ደመና ቢታያችሁ አትደንግጡ። ደመናው ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ እየበለጠ እንደ ጎመን ሽቅብ ማበብ ከጀመረ ግን የዛሬው ዝናብ ቸኩሏል ማለት ነው። ከሥሩ ከጠቆረ ሰዓት ቆጥራችሁ ሳይሆን ወዲያውኑ ውረዱ። ሲወብቅ ቆይቶ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችሁን ከመታችሁም ዝናቡ ደጃፍ ላይ ነው።

ስልኩ ምን አለ?

ዛሬ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ የአየር ትንበያ ይዞ ይዞራል። ጥሩ ነው፤ አጠቃቀሙን እናውቀው እንጂ። ስልኩ «60 ከመቶ ዝናብ» ሲላችሁ ቀኑን 60 በመቶ ይዘንባል ማለቱ አይደለም። እንዲህ ያሉ 10 ቀናት ቢኖሩ በስድስቱ ዝናብ ይኖራል ማለቱ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ስልኩ የሚነግራችሁ ስለ ቅርቡ ከተማ እንጂ ስለ ተራራው ጫፍ አይደለም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዝቋላ ተራራ ጫፍ ደግሞ 2,989 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቢሾፍቱ ላይ ስልኩ 24 ካለ ዝቋላ ጫፍ ላይ 17 አካባቢ ነው። ነፋሱና የረጠበው ሸሚዝ ሲጨመርበት ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

የእኛ ምክር ይህ ነው። ከ10 ቀን በፊት የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀን ትንበያ ተመልከቱ፤ ወቅቱ እንዴት እንዳለ ይጠቁማችኋል። ከ3 ቀን በፊት የስልካችሁን እዩ። ከሁሉም በላይ ግን በዋዜማው ለአካባቢው ሰው ደውሉ። ጥያቄውም አጭር ነው፤ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ዘንቧል? በስንት ሰዓት?» የሦስት ቀን ከሰዓት ዝናብ በተከታታይ ከነበረ አራተኛውም ይደገማል ብላችሁ ብትነሱ አትከስሩም።

ከሰማዩ በፊት ግን መንገዱን ጠይቁ! ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ ገዳም አባቶች መገደላቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የአካባቢው ሰው ስለ ሰላሙ ሲጠየቅ «እንጃ» ካላችሁ ሰማዩ ቢጠራም ጉዞው ቀርቷል ማለት ነው።

አለቱም ጠባይ አለው

ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐይ ወጥታለች። «በቃ እንውጣ!» አይደል የምትሉት? ቆይ! ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ውሃ ብዙም አይጠጣም፤ ፀሐይና ነፋስ ካገኘ ቶሎ ይደርቃል። ጠላቱ ላዩ ላይ የበቀለው ሽበትና ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጭቃ ነው። ሽበት ያለበትን እርጥብ ድንጋይ የረገጠ ሰው በሙዝ ልጣጭ ላይ እንደቆመ ይቁጠረው።

የገርዓልታው ቀይ አለት ግን የአሸዋ ድንጋይ ነው። ይኸኛው ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል፤ ትናንት ሰው የተሸከመው መያዣ ዛሬ እጃችሁ ላይ ተገንጥሎ ሊቀር ይችላል። የሚያታልለው ነገር ላዩ በአንድ ሰዓት ደርቆ ውስጡ ገና እርጥብ መሆኑ ነው። በዓለም ዙሪያ በአሸዋ ድንጋይ ላይ የሚወጡ ሰዎች ከዝናብ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ከባድ ዝናብ ከነበረም ሁለትና ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። መፈተኛውም ቀላል ነው። አለቱ ሥር ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር አድርጉት። ከላይ ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ አለቱም እንደዚያው ነው። ያን ቀን አትውጡ።

ገመድም ቢሆን ውሃ አይወድም። የረጠበ ገመድ ይከብዳል፣ ያንሸራትታል፣ የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ቀብድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በበልግ ጉዞ ሰውን ገደል አፋፍ ላይ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሳይሆን የተከፈለው ብር ነው። ከአለቃ የተለመነችው ፈቃድ፣ ለጓደኛ የተነገረው ጉራ፣ ለሹፌሩ የተሰጠው ቀብድ… እነዚህ ሁሉ «ወደ ላይ ውጣ!» እያሉ ከኋላ ይገፋሉ። ሰማዩ ግን ቀብድ አይቀበል፤ ምን ያህል እንደከፈላችሁም አይጠይቃችሁም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ቦታ ያዙ። አንደኛው የምትመኙት ተራራ፣ ሁለተኛው እዚያው መንገድ ላይ ያለ ዝናብ የማይከለክለው ቦታ። ምሳሌ እንስጣችሁ። አንደኛው ዝቋላ ከሆነ ሁለተኛው ቢሾፍቱ ይሁን። ዓርብ ማታ ቢሾፍቱ እደሩ። ይህ ከአዲስ አበባ ሌሊት የመነሳትን ጣጣ ያስቀርላችኋል። ንጋት ላይ ሰማዩን አይታችሁ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ፣ ደህና ከሆነ ትወጣላችሁ። ካልሆነ ሆራ ወይም ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላችሁ ትጫወታላችሁ፤ ቅዳሜያችሁ አልባከነም። ዝቋላ ገዳም መሆኑን ግን አትርሱ። ለአለባበሳችሁና ለድምፃችሁ ተጠንቀቁ። መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ስለሆነ ያን ሰሞን ተራራው የተሳላሚ ነው።

ሁለት ቀንም ያዙ። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ «ቅዳሜ ከዘነበ እሁድ፣ እሁድም ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል ቃል አስገቡት። አብዛኛው ሹፌር ቀኑ ቢገፋ ግድ የለውም፤ ግድ የሚለው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሲቀርበት ነው። እሱም እኮ መረሬ አፈር ላይ መኪናው ተቀርቅሮ ማደር አይፈልግም!

ከመጡበት ወንዝም ተጠንቀቁ። ጠዋት በድንጋይ ተረማምዳችሁ የተሻገራችሁት ጅረት፣ እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብ እንኳ ራስጌው ከዘነበ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ውሃው ከደፈረሰና ድምፁ ከተለወጠ አትግቡበት። የበልግ ጎርፍ እንደመጣ ይሄዳል፤ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ነው።

ማን ይወስን?

ይህቺን ደንብ ከቤት ሳትወጡ፣ ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩባት። ለመውጣት የሁሉም ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለመመለስ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ይበቃል። የመለሰውን ሰው ደግሞ ማንም አይቀልድበትም፣ መኪና ውስጥም ሆነ ሰኞ ቢሮ።

ለምን ይህን ያህል አጠበቃችሁት ትሉ ይሆናል። እስቲ አስቡት። አንድ ወጣት አዲስ የያዛትን ልጅ ይዞ መጥቷል። ጉልበቱ ተብረክርኳል፤ ግን ፊቷ «ፈራሁ» ማለት ሞት መስሎታል። እሷም ፈርታለች፤ ግን «ፋራ» እንዳትባል አፏን ይዛለች። ሁለቱም መመለስ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ወደ ላይ እየወጡ ነው! ደንቡ ቀድሞ ከተደነገገ ማንም ፈሪ አይባልም፤ ደንብ አክባሪ ነው የሚባለው። እውነተኛ አራዳ ማለት ደግሞ በሰላም ገብቶ ሰኞ ሥራው ላይ የሚገኝ ነው። እህቴ፣ ሰማይ ጠቁሮ እያየ «ምን ሆነሻል፣ አትፍሪ!» እያለ የሚጎትትሽን ሰው በደንብ አጢኚው። ገደል ላይ ያልሰማሽ በሌላውም ነገር አይሰማሽም።

ቤት ለቀረ ሰውም የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናገሩ። «12 ሰዓት ድረስ ካልደወልን ፈልጉን» ማለት አያሳፍርም።

ቦርሳችሁ ውስጥ

ጂንስ ተዉት! ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ቶሎም አይደርቅም። ቀለል ያለ ቱታ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። አንድ ሙሉ ቅያሪ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ግርጌ አስቀምጡ። ጫማው ሶሉ ያላለቀ ይሁን። ውሃ ለሰው ቢያንስ 2 ሊትር፤ ስንቅ ደግሞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። በሁዳዴ ጾም ለምትሄዱም ይሆናል። ስልክ ቻርጁ ሞልቶ፣ ባትሪ፣ ፋሻ አይረሱ። አንድ ሰው በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈና መደናቀፍ ከጀመረ ብርዱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል። የረጠበውን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ በጋቢ ጠቅልላችሁ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። አረቄ ግን ያሞቃል ብላችሁ እንዳትሰጡት፤ የባሰ ያቀዘቅዘዋል።

መብረቅ ሲመጣ

በረዶው ያሳምማል፤ መብረቁ ግን ይገድላል። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ቀርቧል። ከጫፉና ከሸንተረሩ በፍጥነት ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የዋሻ አፍና የአለት ከንፈር ሥርም አይሆንም፤ መብረቁ አለቱን ይዞ ሊወርድ ይችላል። መውረጃ ካጣችሁ ተራራቁና እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፤ መሬት ላይ አትተኙ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ። መኪናው ቅርብ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው መስኮቱን ዘግቶ እዚያ መቀመጥ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በበልግ አትሂዱ አላልናችሁም። ከዝናብ በኋላ የሚታየው አረንጓዴ፣ ታጥቦ የጠራው አየር፣ ከተራራ ጫፍ ላይ የሚታየው ሜዳ… ይህን ሳያዩ ወጣትነትን ማሳለፍ ያስቆጫል። ብቻ ዛሬ ማታ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና ሦስት ነገር ወስኑ። በስንት ሰዓት እንመለሳለን? ከዘነበ የት እንሄዳለን? ማን «በቃ» ካለ እናቆማለን? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ቦርሳችሁን ሸክፉ። ካልተመለሱ ግን ቀብዱን አትክፈሉ። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም!